እንደራሴያችን የማን ሸሪክ ነው?



በመርጡለ ማርያም ከተማ ሱቅ የከፈተ ሰው ከደብረ ማርቆስ ወይም ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ዕቃ በዱቤ ልውሰድ ቢል፣ ጅምላ ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። ይኸውም «ሱቁ የማን ነው? ሸሪክህስ ማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የንቀት አይደለም፤ የጥንቃቄ ነው። ዕቃው የተሰጠው ለአንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ትርፉን የሚካፈለው ወይም ኪሣራውን የሚያመጣው ሌላ ሰው ከኋላ ያለ እንደ ሆነ ባለገንዘቡ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ጤፍና ማር ሰብስቦ ወደ መሐል አገር የሚልክ ነጋዴም ከደላላው ጋር ሲዋዋል፣ ደላላው ለሻጩ ነው ወይስ ለገዢው የሚሠራው ብሎ ሳይጠይቅ ጆንያውን አያስጭንም።

ለጥቂት ኩንታል እህል ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የግብሩንና የቀረጡን፣ የባንኩንና የውጭ ምንዛሪውን ሕግ እንዲያወጣልን ወደ ምክር ቤት የምንልከውን ሰው ግን የማን ሸሪክ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ እንሸኘዋለን። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በቋንቋችን ለሕዝብ ተወካይ የተሰጠው የቀድሞ ስም «እንደራሴ» የሚል ነው። ስሙ ራሱ ትርጕሙን ይናገራል፤ እኔ በሌለሁበት ቦታ እንደ ራሴ ሆኖ የሚቆምልኝ ሰው ማለት ነው። ዳሩ ግን እንደራሴ በምክር ቤት ብቻውን ቆሞ የሚፈጽመው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዓለም ሁሉ እንደራሴዎች በሐሳብ ከሚመስሏቸው ጋር ማኅበር ይገባሉ። ይህ ማኅበር አንዳንድ ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በአንድ ፓርቲ ውስጥ፣ ወይም ከልዩ ልዩ ፓርቲዎች በተውጣጡ አባሎች መካከል የሚቋቋምና «ኮከስ» የሚባል ነው። በእኛም ምክር ቤት ቢሆን የሴት ተመራጮች ኮከስ መኖሩ የታወቀ ነው። እንግዲህ ጥያቄው እንደራሴው ማኅበር ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው አይደለም። ጥያቄው፣ የገባበት ማኅበር ለላከው ሕዝብ የታወቀ ነው ወይስ አይደለም፣ ማኅበሩና ሕሊናውስ በተጣሉ ጊዜ ማን ይበልጥበታል የሚለው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «እንደራሴ ከማናቸውም ማኅበር ነጻ ቢሆን ይሻላል፤ ማኅበር አድልዎን ያመጣል» ይላሉ። ይህ ሐሳብ በአገራችን ተፈትኖ ያለፈ ነው። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲቆም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች የሚመረጡት በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ ከዚያ በኋላ ተደረገ። በዚያ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። እያንዳንዱ ተመራጭ የቆመው በራሱ ስምና በራሱ ሀብት ነበር፤ የምርጫውም ሕግ ተወዳዳሪው በምርጫው ወረዳ የ1,000 ብር ርስት ወይም የ2,000 ብር ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው ያዝዝ ነበር።

ታዲያ ማኅበር ባለመኖሩ አድልዎ ጠፋን? አልጠፋም። የጢሰኛውንና የባለርስቱን ግንኙነት የሚያሻሽለው የሕግ ረቂቅ በተደጋጋሚ ቀርቦ፣ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሳይጸድቅ ቀርቷል። በምክር ቤቱ ውስጥ ከመሬት የሚገኝ ጥቅም ያገናኛቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን ስም ያለው ማኅበር ስላልነበራቸው ረቂቁን ማን እንደ ያዘው፣ በምን ምክንያት እንደ ያዘው ጠይቆ መልስ የሚያገኝ መራጭ አልነበረም። ማኅበሩ በጥቅም ነበረ፤ በስም ግን አልነበረም።

የጎጃም ሕዝብ ደግሞ የዚህን ሥርዐት ዋጋ በሌላ መንገድ ከፍሏል። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ዐሥራትን ሽሮ በምርት ገቢ ላይ ግብር የሚያስከፍል ነበር። ይሁን እንጂ የጎጃም ገበሬ ግምቱ ወደ መሬት ልኬት ያደርሳል፣ ልኬቱም ርስቴን ያሳጣኛል ብሎ ሠጋ። ይህን ሥጋት በአንድነት ይዘው በምክር ቤት የሚሟገቱለት፣ መልሱንም ይዘው ወደ ሕዝቡ የሚመለሱ፣ የታወቀ ማኅበር ያላቸው እንደራሴዎች አልነበሩትም። በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በቢቸና፣ በሌሎችም የጎጃም ክፍሎች ዐመፅ ተነሣ፤ ጦር ዘመተ፤ ከአየርም ቦምብ ተጣለ። በመጨረሻም አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከስፍራቸው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። በምክር ቤት በክርክር ሊያልቅ ይችል የነበረው ጉዳይ በጥይት አለቀ። ጦር በዘመተበት አገር ገበያ ምን እንደሚሆን ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚህ የተነሣ እንደራሴን ያለ ማኅበር ማስቀረት መፍትሔ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ መሸሽም መፍትሔ አለመሆኑን የኋለኛው ታሪካችን ያስተምረናል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሎች የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ የሚገዙትም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ፓርቲ የሚል ቃል የለም። በ56ኛው አንቀጽ ደግሞ መንግሥቱን የሚያቋቁመው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምር መሆኑ ተጽፏል። ሁለቱ አንቀጾች አይጣሉም፤ ነገር ግን እንደራሴውን በሁለት ገመድ መካከል ያቆሙታል። አንዱ ገመድ ወደ ማኅበሩ፣ ሁለተኛው ወደ ሕሊናውና ወደ መራጩ ይስበዋል።

የማኅበሩ ገመድ እጅግ በበረታ ጊዜ የሆነውን አይተናል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ፤ ከተቃዋሚ ወገን የገቡት የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም መቀመጫዎች በአንድ ወገን ተያዙ። ሁሉም የአንድ ማኅበር ሰው በሆነበት ቤት ማኅበርተኛነት ትርጕም ያጣል፤ ሚዛኑ አንድ ሳሕን ብቻ ቀርቶታልና። ሕግ በሙሉ ድምፅ ሲጸድቅ፣ ነጋዴው የሚያውቀው ሕጉን እንጂ ክርክሩን አልነበረም።

ዳሩ ግን በዚያው ቤት ሕሊና ፈጽሞ ሞቶ አልነበረም። በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. የኦሕዴድና የብአዴን እንደራሴዎች በአገሪቱ ስለ ደረሰው የሰው እልቂት ማብራሪያ ካልተሰጠን በመደበኛው ስብሰባ አንገኝም አሉ። በየካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ በቀረበ ጊዜም 88 አባሎች ተቃወሙ፤ 7ቱ ድምፃቸውን አቀቡ። ሁሉም የአንድ ግንባርና የአጋሮቹ ተመራጮች ነበሩ። በዚያ ቀን 88 ሰዎች የላከኝ ሕዝብ ከማኅበሬ ይበልጥብኛል ማለታቸውን ልናከብር ይገባል። ነገር ግን መራጩ ከሰማው ከቁጥሩ በቀር፣ የወረዳዬ ሰው ከ88ቱ አንዱ ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ ለጠየቀ መልስ የሚሰጥ መዝገብ በእጁ አልነበረውም። መልካም የሠራውን ለማመስገን፣ ያልሠራውንም ለመጠየቅ አልቻለም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ነጋዴዎችን ሊያሳስበን የሚገባው ግን በ2012 ዓ.ም. የሆነው ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረጡት የኢሕአዴግ እንደራሴዎች ለሕዝብ የቀረቡት «አብዮታዊ ዴሞክራሲ» በሚባል ርእዮት ስም ነበር። ግንባሩ በ2012 ዓ.ም. ሲፈርስና የብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት፣ ከሕወሓት ወገን ከሆኑት በቀር አብዛኞቹ በዚያው መቀመጫ እንደ ተቀመጡ የአዲሱ ፓርቲና የአዲሱ ሐሳብ ሰዎች ሆኑ። ለውጡ መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለውን እዚህ ላይ አልፈርድም፤ ብዙ ሰው በደስታ እንደ ተቀበለውም አውቃለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ መራጩ አልተጠየቀም።

በንግድ ሥራ ይህ ነገር እንዴት እንደሚታይ እናስብ። አንድ የኅብረት ሽርክና ማኅበር ስሙን ወይም ሸሪኮቹን ቢለውጥ በንግድ መዝገብ ያስመዘግባል፤ ለውጡንም ያስታውቃል። ይህ የሚሆነው ባለገንዘቡና ደንበኛው ከማን ጋር እንደሚሠራ እንዲያውቅ ነው። በንግድ ሕጋችን «የእሽሙር ማኅበር» የሚባል ሽርክናም አለ፤ ሸሪኮቹ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፣ ሦስተኛ ወገን ግን አያውቃቸውም፣ ማኅበሩም አይመዘገብም። ሕጉ ይህን ለንግድ ፈቅዶአል፤ ምክንያቱም ከውጭ ሰው ጋር የሚዋዋለው ሸሪክ በራሱ ስም ይዋዋላል፣ በራሱም ይጠየቃል። እንደራሴ ግን በራሱ ስም አይደለም የሚዋዋለው፤ በእኛ ስም ነው። ስለዚህ ለእንደራሴ የእሽሙር ማኅበር አይፈቀድለትም ባይ ነኝ።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፣ ርእዮት በሱቃችን መደርደሪያ ላይ ምን እንደሚሠራ ላስታውስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሕግ የባንክ ሥራን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ከልሎ ነበር፤ ይህም ለረጅም ዘመን የገዢው ወገን የጸና አቋም ነበረ። በታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ባጸደቀው አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩ ተከፈተ። በ2016 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ ቀድሞ ለአገር ሰው ብቻ ተጠብቀው የነበሩት የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ሥራዎች በተወሰነ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ተፈቀዱ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ።

እነዚህ ሁሉ የሐሳብ ለውጥ ፍሬዎች ናቸው። በዶላር ዕዳ ገብቶ ዕቃው ገና በጅቡቲ ወደብ የነበረ አስመጪ፣ ወይም የሱቁን ዕቃ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ዋጋ መተካት ያቃተው ቸርቻሪ ምን እንደ ደረሰበት ያውቃል። ላኪው ደግሞ በዚያው ቀን ተጠቅሞ ይሆናል። የተለያየን ብንሆንም የሚያስማማን አንድ ነገር አለ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አስቀድመን ማወቅ ነበረብን። ከላይ ከተጠቀሱት ሦስቱ ለውጦች ሁለቱ የወጡት በመመሪያና በባንክ ውሳኔ እንጂ በምክር ቤት ድምፅ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የእንደራሴው ሥራ ድምፅ መስጠት ሳይሆን መጠየቅና መቆጣጠር ነው። ከምን ዐይነት ሐሳብ ጋር የተማኅበረ ሰው ምን ዐይነት ጥያቄ እንደሚጠይቅ ማወቅ ደግሞ ለነጋዴ እንደ ገበያ ዋጋ ዜና የሚጠቅም ነው።

በውጭ አገርም ቢሆን ጉዳዩ ያለቀለት አይደለም። በአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው ፕሮግረሲቭ ኮከስ የአባሎቹን ስም ለሕዝብ ያወጣል። በተቃራኒው ወገን እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው ፍሪደም ኮከስ ግን ይፋ የሆነ የአባላት ዝርዝር አያወጣም፤ አባሎቹ የሚታወቁት ራሳቸው ሲናገሩ ወይም ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የዚያ አገር እንደራሴዎች አፈ ጉባኤ ለመምረጥ 15 ጊዜ ድምፅ የሰጡት፣ በአብዛኛው የዚህ ኮከስ ሰዎች የሆኑ ጥቂት አባሎች በመቃወማቸው ነበር። ጥቂት ሰዎች አብረው ቢቆሙ ታላቅ ምክር ቤት እንደሚያቆሙ ከዚህ እንማራለን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም? ነገር ግን ያ አገር ከእኛ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ማኅበሩ ስሙን ቢሰውርም፣ ለምክር ቤቱ በስም ጥሪ የተሰጠው ድምፅ ተመዝግቦ ስለሚወጣ፣ ማንኛውም መራጭ እንደራሴው ምን እንዳደረገ ያያል።

አሁን ወደ እኛ ምክር ቤት እንመለስ። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቦርዱ ውጤታቸውን ከገለጻቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ያገኘው የብልጽግና ፓርቲ ነው፤ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ አገኙ። ተቃዋሚው ጥቂት ቢሆንም ነበረ። በ2015 ዓ.ም. በክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው የተቃወሙት ጥቂቶች ነበሩ። አዋጁ በእኛ አገር መንገድና ገበያ ላይ ያለፈ ጉዳይ ነው። በዓባይ በረሃ የሚያልፈውን ጭነት፣ የተዘጋውን ስልክና የተቋረጠውን የባንክ ሐዋላ እያሰበ ያደረ ነጋዴ፣ «የወረዳዬ እንደራሴ እጁን ወዴት አነሣ?» ብሎ መጠየቁ ፖለቲካ አይደለም። ሂሳብ ነው።

«ይህን መጠየቅ እንደራሴውን ለአደጋ ያጋልጠዋል» የሚል መልስ እንደሚኖር አውቃለሁ። በእውነትም በዚህ ዘመን ሰው በሐሳቡ ምክንያት ከሁለት ወገን ሊጠቃ እንደሚችል የሚክድ የለም፤ ይህን ሥጋት የምንንቅ አይደለንም። ሕገ መንግሥቱ ግን እንደራሴ በምክር ቤት በሰጠው ድምፅና አስተያየት እንደማይከሰስ ደንግጓል። ስለዚህ መደረግ የሚገባው ድምፁን መሸሸግ ሳይሆን ይህን ጥበቃ በተግባር ማጽናት ነው። እንደራሴ ፈርቶ በሚሸሸግበት አገር ነጋዴም ፈርቶ ገንዘቡን ይሸሽጋል፤ ፍርሃት አንድ ነውና።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶቻችን ሦስት ነገሮች እንዲያስቡበት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በምርጫ ዘመን ለእንደራሴነት የሚቀርብ ሰው ሁሉ፣ የገዢውም ሆነ የተቃዋሚው ወገን፣ በነጋዴዎች ጉባኤ ፊት ቀርቦ የየትኛው ፓርቲና የየትኛው የሐሳብ ማኅበር አባል እንደ ሆነ፣ ማኅበሩም ስለ ግብር፣ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ውጭ ባለሀብት ምን እንደሚያምን እንዲያስረዳ ይጋበዝ። በዘመኑ መካከል ማኅበሩን የለወጠ እንደ ሆነ ደግሞ ተመልሶ ይንገረን። ሁለተኛ፣ ንግድን በሚነኩ አዋጆች ላይ የሚሰጠው ድምፅ በስም ተመዝግቦ እንዲወጣ ምክር ቤቱን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የከተማና የዞን ንግድ ምክር ቤት የእንደራሴዎቹን ድምፅና ጥያቄ የሚመዘግብበት አንድ መዝገብ ይክፈት፤ መዝገቡም ለአባል ሁሉ ክፍት ይሁን።

የኢትዮጵያ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጊዜ ጀምሮ ብዙ መንግሥታትን አይቶ እዚህ የደረሰው የአንድ ወገን ቤት ባለመሆን ነው። ዛሬም ምክር ቤቶቻችን የማንኛውም ርእዮት ኮከስ ሊሆኑ አይገባም። እኛም ብንሆን አስቀድመን ራሳችንን እንመርምር። በጉባኤ ሳይሆን በጓሮ በር ገብተን ለአንድ ሱቅ፣ ለአንድ ፈቃድ፣ ለአንድ የምንዛሪ ወረፋ እንደራሴውን የምናባብል ከሆነ፣ የእሽሙር ማኅበሩ መሥራቾች እኛው ነን። ሌላውን በግልጽ ቁም የሚል ሰው አስቀድሞ ራሱ በግልጽ መቆም አለበት።

እንግዲህ ወደ መነሻችን እንመለስ። በመርጡለ ማርያም ገበያ እህል የሚሸጥ ሰው ጆንያውን ፈትቶ እህሉን ያሳያል፤ ገዢውም እፍኝ አንሥቶ፣ አሽቶና ነፍቶ ያየዋል። ካየ በኋላ ቢገዛ ወይም ቢተው የራሱ ፈቃድ ነው። ጆንያው ተሰፍቶ «ውስጡን ሳታይ ግዛ» ቢባል ግን፣ እህሉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አስተዋይ ገዢ ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋል። እንደራሴያችን ማኅበር ይግባ፤ ከመሰሎቹ ጋር ይቁም፤ ይከራከር። ነገር ግን ጆንያውን ፈትቶ ያሳየን። የማን ሸሪክ እንደ ሆነ ካወቅን በኋላ፣ እንደ ራሳችን ሊሆንልን የሚችል መሆን አለመሆኑን እኛው እንፈርዳለን።